የፊዚክስ መምህርቷ ሰማንያ ገጽ

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አማርኛ እያስተማርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ልብ ወለድ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ስድስት መቶ ገጽ አልፏል፤ አላለቀም። ባልደረቦቼም የት ደረሰ ብለው መጠየቁን ትተውታል።

አምና አንዲት የፊዚክስ መምህርት፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ቀጭን መጽሐፍ ይዛ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገባች።

«ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት እርስዎ እንዲያነቡልኝ ብዬ ነው» አለችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ ሰማንያ ገጽ። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እንጃ።

ታሪኩ በከዋክብት መካከል ስለምትጓዝ መርከብ ነው። የመርከቧ ሰዓቶች በሙሉ ይበላሹና ተሳፋሪዎቹ ቀንና ወሩ ይጠፋባቸዋል። ከመካከላቸው ዝተት የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ደርባ የምትቀመጥ አንዲት የመንዝ ሴት አለች። አባቷ ባሕረ ሐሳብን፣ ያንን የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ አስተምረዋታል። እሷም በጣቷ አንጓ እየቆጠረች ለመርከቧ ሰው ሁሉ ቀኑን ትመልስለታለች።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አወቅኳቸው። እኚያ አባት የእኔ አባት ናቸው! ሞላሌ ከተማ የሚኖሩት መሪጌታ አባቴ በጣታቸው አንጓ እንዴት እንደሚቆጥሩ ሻይ ስንጠጣ ያጫወትኳት እኔ ነኝ። ሰረቀችኝ አልኩ። ግን ምኔን? በስድስት መቶ ገጼ ውስጥ አባቴ አንድ ቦታ እንኳ የሉም። ስጽፍ የኖርኩት ስለ መሳፍንት ነው፤ አንዱንም በዓይኔ አላየሁም።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን ማማሩ ነው። መርከቢቱ እርጥብ ሱፍ፣ እርጥብ ሱፍ ትሸታለች። ካፒቴኗ የምትቆጣው እንደ ገበያችን ሴቶች ነው። እኔ ስለ መንዝ የሚጻፍ ሁሉ ስላለፈው ዘመን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ገና ባልመጣው ዘመን ውስጥ አስገባችን፣ ማንንም ሳታስፈቅድ።

ስህተት ፍለጋ ደግሜ አነበብኩት። አገኘሁም። በባሕረ ሐሳብ መጥቅዕና አበቅቴ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ምንጊዜም ሠላሳ ናቸው፤ እሷ ሃያ ስምንት ብላለች። ደስታዬን አልደብቅም። በአባቴ አፍ ላስመሰክርባት ቅዳሜ በሚኒባስ ሞላሌ ወረድኩ።

አባቴ ዓይናቸው ደክሟል። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ሳሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላቸው። ሃያ ስምንቱ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ።

«ምነው ቆምክ?» አሉ።

«ተሳስታለች እኮ። ሠላሳ መሆን ነበረበት።»

«የት ተሳሳተች? የእኛ ሠላሳ በጨረቃችን ወር ልክ የመጣ ነው። ተሳፋሪዎቹ የሚሄዱባት ምድር ጨረቃዋ በሃያ ስምንት ቀን ነው የምትዞረው ብላ የለም እንዴ? ራስህ አንብበህልኝ!»

ወደ ኋላ ገለጥኩ። እውነታቸውን ነው። እኔ በቅናት ስሮጥ አፌ ቢያነበውም ልቤ ዘሎታል።

«ይቺ ልጅ አስባበታለች» አሉ። ቀጥለውም «ሌላ ጽፋለች?» ብለው ጠየቁኝ።

አባቴ እኔ የጻፍኩትን አንብብልኝ ብለውኝ አያውቁም። ሁለተኛውን መጀመሯን እያወቅሁ «የለም» አልኳቸው።

ሳምንቱን ሙሉ ያቺ «የለም» እህል አላስበላኝም። ዓርብ ዕለት ልጅቷን ጠርቼ «አባቴ ወደውልሻል» አልኳት። ስለ ሃያ ስምንቱም ነገርኳት፤ እኔ መዋሸቴን ግን አልነገርኳትም።

«እውነትዎን ነው ጋሼ?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን ሄድን። አዲሱን ጽሑፏን ራሷ አነበበችላቸው። አንድ የግእዝ ቃል አረሟት፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አባቴ እንደዚያ ሲስቁ ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ቅናቱ አለቀቀኝም፤ ግን ታሪኩ የት እንደደረሰ ለመስማት ጠጋ አልኩ።