የአያ ገነነ እንግዳ

ክንዱ ፈሪ ነበር። ይህን ስል እያማሁት አይደለም፤ እሱም አይክደውም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ብስክሌት ሲጠግን የሚያውቁት ሁሉ ይህንንም ያውቁለታል። ሌሎቹ ጠጋኞች ሥራቸውን ሲጨርሱ ዘለው ወጥተው አንድ ዙር ነድተው ይሞክራሉ። ክንዱ ግን እየገፋ ወስዶ ፍሬኑን ደጋግሞ ይጨብጣል፣ ጎማውን ያሽከረክራል፣ እንደገና ይጨብጣል። «አንተስ ብስክሌት የምትጠግነው እንዲሄድ ነው እንዲቆም?» ይሉታል። ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ነገር ግን ቁልቁለት መንገድ ያለበት ሰው ፍሬኑን ሌላ ጋ አያሠራም።

ፍርሃቱ ከደጋ አብሮት የወረደ ነው። እሱና ታናሽ እህቱ ያምሮት የተወለዱት ቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም አለፍ ብሎ ነው። ለትምህርት ብለው ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተው ሲቀመጡ፣ ስንቅ ባለቀ ቁጥር ወደ አገር ቤት ወጥተው ዱቄቱንና ሽሮውን በአንዲት አሮጌ ብስክሌት ጭነው በገበያተኛው መንገድ ይወርዱ ነበር። ያንን መንገድ ማንም አልሠራውም። እግር ያወጣው ነው፤ የሰው፣ የአህያ፣ የከብት። ድንጋይ ሲገጥመው ይዞራል፣ ረግረግ ሲያገኝ ከፍ ይላል፣ የሰው አጥር ሲደርስ ይሉኝታ ይዞት ጠጋ ይላል። ክንዱ እዚያም ላይ ይፈራል፤ ግን የሚፈራውን ያየዋል። ድንጋዩ ያው፣ ገደሉ ያው። ወርዶ ይገፋል። ያምሮት ግን ኮርቻው ላይ እንደ ተቀመጠች ትንደረደራለች፣ እሱ ከኋላዋ «ቁሚ! ቀስ በይ! ቁሚ እኮ ነው የምልሽ!» እያለ ይጮኻል። አንድ ቀን ቆማለት አታውቅም።

ያንን መንገድ ሲወርዱ ያምሮትን የጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈሰስ። ገበሬ ዝናብ ሲበረታበት ውሃው ማሳው ላይ እንዳይተኛ በሰያፍ የሚቀደው ቦይ ነው። ትናንት ያልነበረ ፈሰስ ዛሬ መንገዱን ቆርጦ ይገኛል፣ ውሃው ጭቃ ለብሶ ሲፈስ ደግሞ ጥልቀቱ አይታወቅም። አንድ ክረምት የፊት ጎማዋ እዚያ ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ እሷ በመሪው ላይ አልፋ በአፏ ወደቀች። የፊት ጥርሷ ጫፍ እዚያው ቀርቷል። ክንዱ ደሟን በነጠላው ሲጠርግ እሷ ሳትሆን እሱ ነበር የሚያለቅሰው።

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ባለው ዓመት መሐሪ የሚባል አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጣ። ወጣት ነው፣ ሥራውን ይወዳል፣ ከሰው ጋር ቶሎ ይላመዳል። የከተማውን ወጣቶች ሰብስቦ፣ በጋውን ሙሉ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ለብስክሌት ብቻ የሚሆን መንገድ አሠራ። ድንጋዩ ተለቀመ፣ አፈሩ ተደለደለ፤ ኩርባዎቹ ውጪያቸው እንደ ወጭት ጠርዝ ከፍ ተደረገ፤ ወገቡ ላይ ዝላይ ተሠራ። ዝላዩ ጋ ሲደርሱ መሬቱ ያልቃል። ከዚያ አየር ነው። ከዚያ ከታች፣ ከላይ ሆኖ የማይታይ ማረፊያ አለ።

«የእግር መንገድ ላይ ሙሉ ሐሳብህ ድንጋዩ ላይ ነው» አለው መሐሪ፣ ክንዱ ፊቱን አጨማዶ ዝላዩን ሲያይ። «እዚህ ግን መንገዱ ራሱ ይዞህ ይሄዳል። አንተ መደሰት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ቀለል አርገህ እየው ባክህ!»

ያምሮት መጀመሪያ በወረደች ቀን ፊቷ በርቶ መጣች። «ወንድምዓለም! ድንጋይ የለ፣ አህያ የለ፣ ኩርባው ጎማውን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ኩርባ ያቀብለዋል። እየበረርሁ እኮ ነው የወረድሁት!»

ክንዱ ይህን ከሰማ በኋላ አንድ ቀን ሰው ሲያጣ ብስክሌቱን እየገፋ ወጥቶ ሞከረው። የመጀመሪያው ኩርባ እንደ እናት ጀርባ አዝሎ ወሰደው። ሁለተኛው ላይ ከአፉ አንድ ድምፅ ወጣ፤ የገዛ ሣቁ ነበር። ያን ጊዜ ደንግጦ ፍሬን ያዘና ሣሩ ላይ ተዘረረ። ለማንም አልተናገረም። ድንጋዩ ሲያስፈራው ኖሯል፤ ይህ መንገድ ግን ፍርሃቱን ሊያስረሳው ስለነበር ከድንጋዩ ሁሉ የበለጠ አስፈራው። የእግር መንገድን ያወጡት ሰዎች ቤታቸው መግባት ነበረባቸው፣ ስለዚህ ያስገባል። ይህንን የሠራው ሰው ግን የፈለገው መብረርን ነው። ስለ መግባቱ የሚያስብ ማን ነው?

ያምሮት ግን ሌላ በር አልነበራትም። የአሥረኛ ክፍል ውጤት አልመጣላትም። ከመስቀል በኋላ በዚያ መንገድ ላይ ውድድር ሊደረግ፣ የቀደመችው ልጅ ባሕር ዳር ሄዳ በክለብ ልትታቀፍ ነው ተባለ። የምትወርደው አንዴ ብቻ ነው። ከቆመች ሰዓቷ ተበላሸ፣ ሁለተኛ ዕድል የለም። ያምሮት ያችን አንዲት ቁልቁለት እያሰበች ትተኛለች፣ እያሰበች ትነሣለች። ክንዱም እንዲሁ፤ እሱ ግን እንቅልፉ ራሱ አይመጣለትም።

መሐሪ ለክንዱ ቀይ ጨርቅ ሰጥቶ ከዝላዩ ከፍ ብሎ አቆመው። «አንተ ጠንቃቃ ነህ። አደጋ ካለ ታነሣለህ። በከንቱ ካነሣህ ግን የልጅ ዕድል ነው የምታበላሸው» አለው። በልምምዱ ሰሞን ክንዱ ለጥጃም ለጥላም እያነሣ ልጆቹን ሲያስቆጣ ሰንብቶ ነበርና ነገሩ ለእሱ መሆኑ ገባው። አንገቱን ደፋ።

በውድድሩ ዋዜማ ማታ መንገዱን ከላይ እስከ ታች አይተው ደህና ነው አሉ። ሌሊቱን ዝናቡ ወረደ። ጠዋት ሁሉም ነገር ዘገየ፤ ክንዱ የእህቱን ፍሬን እንደገና ሲፈትሽ፣ እንደገና ሲያጠብቅ ቆይቶ ጨርቁን በኪሱ ከቶ በኮረብታው ጎን በሚያልፈው በዚያው በገበያተኛው የእግር መንገድ ሽቅብ ሲሮጥ አያ ገነነን አገኛቸው። አያ ገነነ ከዝላዩ በታች የበርበሬ ማሳ ያላቸው፣ ንግግራቸውን እንደ ጥጥ አፍታትተው የማይሰጡ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ዶማ ተሸክመዋል፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው።

«እንዴት አደሩ አያ ገነነ?» አለ ክንዱ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዳ መጥቶብኝ ነው ያደርሁት ልጄ። ከላይ፣ ከናንተው ሠፈር።»

«ከደጋ?»

«ከላይ ነው የመጣው። መንገዱን እናንተ መርታችሁ ሰደዳችሁት፣ እሱ ደግሞ በርበሬዬ ላይ ካልተኛሁ አለ። እንግዳ አይገፋ ነገር! ተነሥቼ መንገድ አበጅቼ ሸኘሁት።»

«እንኳን በደህና ሸኙት» አለ ክንዱ። የሰከረ ዘመድ መጥቶባቸው ይሆናል ብሎ አዘነላቸው።

«ልጆቹ ዛሬ ይወርዳሉ አሉ። የእንግዳዬን መንገድ ተጠንቅቀው እንዲያልፉ ንገርልኝ፣ እባክህ።»

«እሺ፣ እነግርልዎታለሁ» ብሎ እጅ ነሥቶ ሮጠ። ሽማግሌ አስቁሞ «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ለዚያውም የዘገየ ሰው። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር የሚደነብረው ክንዱ፣ ሊፈራ የሚገባውን አንዱን ነገር እጅ ነሥቶ አሳለፈው።

ቦታው ደርሶ ቆመ። ጨርቁን አወጣ። ላብ አጠመቀው። ዕጣው ያምሮትን መጀመሪያ ላይ ጥሏታል። ተመልካቹ ከታች ከባሕር ዛፉ ወዲያ ይንጫጫል፤ ማረፊያውን ግን እነሱም አያዩትም። ከላይ መሐሪ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ሲቆም ይታየዋል።

ክንዱ የእህቱን ሞት እንዳያስብ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ከእግሩ አጠገብ፣ በዚያ በተደለደለው መንገድ መሀል፣ ከሌሊቱ የተረፈ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ከላይ ነው የመጣው። ድንጋይ የለ፣ ሣር የለ፣ ኩርባው ተቀብሎ ለሚቀጥለው ኩርባ እያቀበለው፣ ዝላዩ ጎን ደርሶ ወደ ታች ይጠፋል። ወደ በርበሬው ማሳ።

ከላይ፣ ከናንተው ሠፈር። መንገዱን እናንተ መርታችሁ ሰደዳችሁት።

እንግዳው ውሃው ነው። ሸኘሁት ያሉት፣ ዶማውም፣ እስከ ጉልበት ጭቃውም። ማረፊያው ላይ ፈሰስ ቀደዋል!

ፊሽካው ተነፋ።

እንዲህ ያለውን ፍርሃት ክንዱ በሕይወቱ አያውቀውም ነበር። ሁለት ፍርሃት ግራና ቀኝ ያዘው። ሮጦ እንዳያይ ጊዜ የለም፤ ጨርቁን ሊያነሣ ቢል በእጁ ያለው የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ ነው። ፍርሃቱ ስንት ጊዜ ዋሽቶታል! ጥላውን ጅብ ነው ብሎታል፣ ጥጃውን ገደል ነው ብሎታል። ዛሬም ዋሽቶት ቢሆን የያምሮትን አንዲት በር በገዛ እጁ ሊዘጋ ነው። እውነቱን ነግሮት ዝም ቢል ደግሞ ... ይህን ሊጨርሰው አልቻለም። ጨርቁን አነሣ።

ያምሮት ከላይኛው ኩርባ ብቅ አለች። አየችው። ክንዱ ፊቷን በደንብ አየ፤ ከንፈሯን ነከሰች፣ አንገቷን ደፋች፣ ይብሱን ፔዳሉን ረገጠች። ያው የምታውቀው ወንድሟ ነው። ያው የምታውቀው ጨርቅ።

«ቁሚ!» ብሎ ጮኸ። «ቁሚ! ቁሚ እኮ ነው የምልሽ!»

አልቆመችም። ጎማው አፈሩን ሲበላው ይሰማል። ሳያስበው፣ የአባቱ የማሳ ቃል ከአፉ ወጣ።

«ፈሰስ! ያምሮት፣ ፈሰስ!»

እጇ ፍሬኑን ሲጨብጥ አየ። የቀራት ቁልቁለት ለመቆም አይበቃም፤ ከዝላዩ ትንሽ ቀደም ብሎ ግን የጥንቱ የእግር መንገድ በግራ በኩል በድንጋይ መካከል ይገነጠላል። መሪዋን ወደዚያ ጣለችው። ብስክሌቱ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንገጫገጨ፣ እንደ ልጅነቷ እያጎነበሰች፣ እየዞረች ወረደች። ግርጌው ላይ ቁጥቋጦ ተቀብሎ ጣላት። ክንዱ እንዴት እንደ ደረሰ አያውቅም። ክርኗ ተልጧል፣ ሌላ ምንም አልሆነችም።

«ምን አረግኸኝ?» አለችው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። «ምነው ወንድምዓለም፣ ምነው ዛሬን እንኳ ብትተወኝ?»

እጇን ይዞ ወደ ማረፊያው ወሰዳት፤ ፈሰሱ ከሌለ ምን እንደሚላት እያሰበ ነበር።

ፈሰሱ ነበር። ጎማ የሚያርፍበትን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ቆርጦታል፤ ጉልበት ያስገባል፣ ጠርዙ ያማረ፣ የጨዋ ገበሬ ሥራ። በርበሬው ከታች በደህና ቆሟል። መሐሪ እየሮጠ መጥቶ አየና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አያ ገነነም ዶማቸውን ተመርኩዘው መጡ።

«አባቴ፣ ሰው ሊሞት ነበር እኮ! እንዴት አይናገሩም?» አለ መሐሪ።

አያ ገነነ ከልባቸው ደነገጡ። «ኧረ ነግሬያለሁ! ክንዱ፣ አልነገርሁህም?»

ሁሉም ወደ ክንዱ ዞሩ።

«ነግረውኛል» አለ ክንዱ። «አልሰማሁም።»

ውድድሩ ያን ቀን ቀረ። ፈሰሱን እንዳይደፍኑት በርበሬው ሊሞት ነው፤ ሌላ ቀን ይደረጋል ተባለ፣ ሳይደረግ መሐሪ ተዛወረ። መንገዱን ሣር በላው፤ የእግር መንገዱ ግን እስከ ዛሬ ገበያተኛ ይወርድበታል። ያምሮት ባሕር ዳር አልሄደችም። አሁን ቡሬ ላይ ክንዱ ከከፈታት ሱቅ የብስክሌት ዕቃ እየጫነች ለገጠር ጠጋኞች ታደርሳለች፤ እንደ ድሮዋ ትንደረደራለች።

ያን ቀን ወደ ቤት ሲገቡ «ጨርቁን አይቼዋለሁ» አለችው። «ስትጮህም ሰምቻለሁ። ቁሚ ስትለኝ ከዝላዩ አልፌ ልሄድ ነበር። ቁሚማ ሁልጊዜ ትላለህ።» በምላሷ የተሸረፈች ጥርሷን ነካ አደረገች።

ክንዱ እዚያው መንገድ ዳር ተቀመጠ። ለመነሣት ብዙ ቆየ።

አሁንም ይፈራል፤ እንዲያውም ብሶበታል። ያምሮት ጭነቷን አስራ ብስክሌቷ ላይ ስትወጣ ከሱቁ ደጃፍ ይቆምና ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። «ቀስ በይ» እጉሮሮው ድረስ ትመጣለች። ይውጣታል። ለሚያስፈልግበት ቀን ያስቀምጣታል። ከዚያ እጁን አንሥቶ «በርቺ» ይላትና፣ ከዓይኑ እስክትሰወር ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይቆማል።