የሳዲያ ሰሊጥ

ባለፈው ማክሰኞ ገንዳ ውሃ ከተማ መናኸሪያ የጎንደር መኪና ስጠብቅ ከአንዲት ሱዳናዊት ጋር አግዳሚ ወንበር ተጋራሁ። ጉልበቴ ካስቸገረኝ ወዲህ ሐኪም ቤት መመላለስ ሁለተኛ ሥራዬ ሆኗል፤ ጡረታ ደጃፍ ላይ የቆመች አስተማሪ የሚያምርባትም እሱ ነው። ልጅቷ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የአገሯ ጦርነት አፈናቅሏት በመተማ በኩል ከገባች ዓመት እንዳለፋት ነገረችኝ። አማርኛዋ የድንበር ሰው አማርኛ ነው፣ የእኔም አረብኛ እንዲሁ፤ እያቀላቀልን አወራን። አገሯን ስጠይቃት የጠራችው መንደር ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ከእርሻችን ማዶ ያለው ሆኖ ተገኘ። «ሳዲያ የምትባል» ብዬ ጀመርኩና መልሼ ዋጥኩት።

ሳዲያን ካየኋት ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። ያኔ ሁለታችንም ሃያ ዓመት ገደማ ነበርን።

አባቴ ከበለሳ ወርዶ ቆላ የቀረ ገበሬ ነው። እርሻችን ከመተማ ዮሐንስ የግማሽ ቀን መንገድ ሲሆን፣ ዳሩ ላይ ቆሜ ባስነጥስ ከሱዳን በኩል «ይማርሽ» የሚባልበት ቦታ ነበር። በእኛና በሳዲያ አባት በሐጅ ኢድሪስ እርሻ መካከል አራት እርምጃ የማይሞላ ያልታረሰ ሣር አለ። ድንበር የምንለው እሱን ነው። መሐሉ ላይ አንድ የሁመር ዛፍ ቆሟል፤ ኮምጣጣ ፍሬውን ሁለታችንም ወገን እንለቅመዋለን። ካርታው ላይ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ አናውቅም ነበር። እናውቃለን የሚሉትም፣ እንደምሰማው፣ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

በአጨዳ ጊዜ እኔ ለእኛ ሠራተኞች፣ ሳዲያ ለእነሱ ሠራተኞች እናበስላለን። ሁለታችንም ምድጃችንን ወደ ሣሩ ጠጋ አድርገን እየሠራን ቀኑን ሙሉ ስንለፈልፍ እንውላለን። እሷ የደረቀ ባሚያ ወጥ፣ ዌካ የሚሉትን፣ በኪስራ፣ በስሱ የማሽላ እንጀራቸው፣ ታቀብለኛለች። እኔ ሽሮ እሰጣታለሁ፤ በርበሬው እያስለቀሳት ትጨርሰዋለች። ኪስራ መጋገር ልታስተምረኝ ሦስት ዓመት ደክማለች፤ ያወጣሁትን አንሥታ ለፀሐይ ትዘረጋውና «ወንፊት ሠራሽ» ትለኛለች። ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባላል። እኛ ቤት እውነተኛ ወንፊት ተገዝቶ አያውቅም፤ የሳዲያ ነበረልን። የአጎቴ የአያ ጥጋቡ ልጅ ደሴ ደግሞ ጥሬ ሰሊጥ እየቃመ በመካከላችን ይመላለሳል፤ ሁለታችንም ማማሰያ ይዘን እናባርረዋለን። ዛሬ ሰሊጥ ሲቆላ በሸተተኝ ቁጥር እነዚያ ጠዋቶች ይመጡብኛል፤ አልደብቅም፣ አንዳንዴ ከማጀት ወጥቼ አለቅሳለሁ።

ሰሊጥ የሚታገሥ እህል አይደለም። ፍሬው ሳይከፈት፣ ቅጠሉ ቢጫ ማለት ሲጀምር ይታጨዳል፤ ጥቂት ቀን ከዘገዩበት መሬት ላይ ይረግፋል። የታጨደው በነዶ በነዶ ይታሰርና አፉን ወደ ላይ አድርጎ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሂላ እንለዋለን። ደርቆ ፍሬው ሲከፈት ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ታዲያ እኛ ዘንድ አንድ ደንብ ነበር። ጎረቤት ቢታመም ወይም ሐዘን ቢገጥመው ሰሊጡን አጭደው ያቆሙለታል። ማራገፍ ግን የባለቤቱ ነው። ምን ያህል እንደወጣ የሚያየው ያራገፈው ብቻ ስለሆነ፣ የሰው ሂላ የገለበጠ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲታማ ይኖራል።

ግጭቱ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ከእኛ በላይ ባለ እርሻ ትራክተር መስመር አለፈ፣ አላለፈም በሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። ማን ቀድሞ እንደተኮሰ ዛሬም አላውቅም። እኛ ጋ እነሱ ናቸው ይባላል፤ እነሱ ጋ ምን እንደሚባል መገመት አያቅትም። ተኩሱ ከረፋድ እስከ ማታ ሲንጣጣ ዋለ። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ደሴ አንዱ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሳዲያ ሁመሩ ሥር መጣች። ሠራተኞቻቸው ሸሽተዋል፣ ቤተሰቧም ዕቃውን ጭኖ እየጠበቃት ነው። የደሴን ነገር ሰምታ ዓይኗ አብጧል። ተቃቅፈን አለቀስን። በዚያ ዓመት ልትዳር ነበር፤ ጎጆ የምትወጣው በዚያ ሰሊጥ ነው፣ ሰሊጡ ደግሞ ደርሶ ቆሟል።

«አጭዳችሁ አቁሙልን፣ ጥሩ» አለችኝ። ጥሩወርቅን አሳጥራ እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ። «ሲደርቅ መጥቼ እኔ አራግፈዋለሁ።»

እሺ አልኳት። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

የእኛ ታጭዶ አልቆ ነበርና ከደሴ ሣልስት በኋላ ከአባቴ ጋር የእነሱን ጀመርን። ሰፈርተኛው ጉድ አለ። ለጠላት ያጭዳሉ እየተባልን ተነሣን፤ ውኃ የምቀዳበት ቦታ ሴቶቹ ሰላምታዬን መመለስ ተዉ። በሦስተኛው ቀን አያ ጥጋቡ ራሳቸው መጡ። የአባቴ ታላቅ ናቸው። ጠመንጃቸውን አንግተው ከሣሩ ወዲህ ቆሙና ብዙ አዩን።

«ልጄን ለገደሉት ታጭዳለህ?» አሉ።

አባቴ ቀና ብሎ አላያቸውም። «ሰሊጡ አልተኮሰም፣ አያ» አለ።

አጎቴ ዞረው ሄዱ። አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ሂላዎቹ ቆመው ደረቁ። ሳዲያ አልመጣችም፤ ድንበሩ ተዘግቷል፣ ከወዲያም ከወዲህም ወታደር ሰፍሯል። በዚህ መሐል አባቴን ወባ ጣለውና ወደ ከተማ በጭነት መኪና ወሰዱት። ሲጫን እየተንቀጠቀጠ የተናገረው ስለ ራሱ አልነበረም። ሂላውን እንዳልነካ፣ ባለቤቱ እንደሚመጣ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ።

የባለቤቱን መምጣት ነፋሱ አልጠበቀም። በየጠዋቱ ስሄድ ከሂላዎቹ ሥር መሬቱ ይበልጥ ነጥቶ አገኘዋለሁ፤ ርግቦች ወርደውበታል። የሳዲያ ጎጆ በዓይኔ ፊት እየፈሰሰ ነበር። ደንብ ደንብ ነው፣ ግን ደንቡን ያወጡት ሰዎች ባለቤቱ በጥይት የሚከለከልበትን ዓመት አላሰቡትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አስተማሪ ከመሆኔ በፊትም ክርክር አላጣም ነበር።

አንድ ጠዋት ብቻዬን ሸራ ዘርግቼ የመጀመሪያውን ነዶ ዘቀዘቅሁ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አያ ጥጋቡ ናቸው። ሊነጥቁኝ የመጡ መስሎኝ ነዶውን እንዳቀፍኩ ቀረሁ። ጠመንጃቸውን ዛፉ ላይ አስደገፉና በነፋስ የሚርገበገበውን የሸራ ጫፍ ረገጡት።

«አንች ገልብጭ፤ ሸራውን እኔ እይዝልሻለሁ» አሉ።

ሁለት ቀን አብረን አራገፍን። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ ከሸራው ላይ ሰሊጥ ዘግነው ሲያዩት ቆዩና ደሴ ይችን ሲቅም ነው የማውቀው አሉ። መልሰውም ሸራው ላይ አፈሰሱት።

ዘጠኝ ጆንያ ሞላ። ወደ ቤት ብንወስደው ሰረቁ መባላችን ነው። እነሱ እርሻ ላይ ብንተወው ላገኘ ሰው መስጠት ነው። ሣሩ ግን የማንም አይደለም፤ ስለዚህ ሁመሩ ሥር ሦስት በሦስት አድርገን ደረደርነውና ርግብ እንዳይወርድበት በአገዳ ሸፈንነው። ከዚያም ድንበር በማይከለክላቸው ከብት አርቢዎች በኩል መልእክት ላክሁ። ሰሊጥሽ ተራግፏል፣ ሁመሩ ሥር ነው፣ መጥተሽ ውሰጅ አልኳት። ይህን ቃል የላክሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም።

በአምስተኛው ቀን፣ ገና ሲነጋጋ፣ ከዛፉ አቅጣጫ ተኩስ ተሰማ። በቁመቱ ተደርድሮ በአገዳ የተሸፈነ ጆንያ ለገበሬ ሰሊጥ ነው፤ ከሩቅ በመነጽር ለሚያይ ወታደር ግን አሸዋ የተሞላ ምሽግ ነው። ይህን አላሰብኩትም። አጎቴም፣ ያን ያህል ዘመን ጠመንጃ ተሸክመው፣ አላሰቡትም። ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ አልታወቀም፤ ምናልባት ከሁለቱም።

ከቀትር በኋላ ደረስኩ። ስድስቱ ጆንያ ተበሳስቶ ሰሊጡ ሣሩ ውስጥ ይፈሳል። ሦስቱ የሉም። የአህያ ኮቴ ወደ እነሱ በኩል ይሄዳል። በሁለት እጄ ቀዳዳዎቹን ለመድፈን እየሞከርኩ ደም ፈለግሁ። አላየሁም፤ ሣሩ ግን ረጅም ነበር።

አባቴ ድኖ ሲመለስ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲያ ያን እርሻ አላረስነውም፤ ገንዳ ውሃ ገባን፣ እኔም ተማርኩ፣ አስተማርኩ፣ ወለድኩ። ሳዲያ ግን በልቤ እዚያው ናት። በምኞቴ አያት ሆናለች፤ የልጅ ልጆቿን ኪስራ አበላሻችሁ ብላ ትቆጣለች። ሱዳን የሄደ ነጋዴ ሁሉ ስለ እሷ ጠይቅልኝ ተብሏል፤ አንዱም መልስ ይዞልኝ አልመጣም።

መናኸሪያ ለተዋወቅኳት ልጅ ይህን ሁሉ ልነግራት አላሰብኩም ነበር። እርሻው ዳር የሁመር ዛፍ እንደነበር ብቻ አነሣሁላት። እሷ ግን ቀደመችኝ፤ ዛፉን ታውቀዋለች። በመንደራቸው ለልጆች የሚነገር ታሪክ አለው። አንድ ዓመት ሐበሾች ሰሊጥ በጆንያ ሞልተው ዛፉ ሥር ደረደሩ፣ ሊወስድ የመጣውን ሰው አድፍጠው ተኮሱበት ይባላል። «ወጥመድ ነበር፣ ኻልቲ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። እናቷ ወደ ድንበር እንዳይሄዱ የምታስፈራራቸው በዚያ ታሪክ ነበር።

የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቅኳት። አንድ ሰው ሞቷል፣ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም አለች፤ ያኔ አልተወለደችም። ገዳሪፍ ያለችው አክስቷ ግን ሁሉንም ታውቃለች። «አሁን ልደውልላት?» ብላ ስልኳን አወጣች።

ስለዚያ ድንበር በተወራ ቁጥር ሰው የሚጠይቀው መሬቱ የማን ነው ብሎ ነው። አንድ ቀን ትልልቆቹ ተቀምጠው መስመሩን ያበጁት ይሆናል። ከመስመሩ ማዶ ስለ እኔ የሚነገረውን ታሪክ ሊያቀናልኝ ግን ማንም አይቀመጥም። ሠላሳ ዓመት ለማወቅ የጓጓሁት ነገር በአንድ የስልክ ጥሪ ርቀት ሲቀርበኝ፣ የልጅቷን እጅ ይዤ አስቆምኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። የጎንደር መኪና መጥቶ ረዳቱ መጣራት ሲጀምር ተነሣሁ።

«ለአክስትሽ ስትደውዪ ወጥመድ አልነበረም በያት» አልኳት። «ለጓደኛዬ ያስቀመጥኩት ነበር በያት። የሞተው ማን እንደሆነ ከነገረችሽ ግን፣ ልጄ፣ ለእኔ አትንገሪኝ።»