ሁለተኛ ያልመጡ ጠያቂዎች

«ማኅበረሰብ» የሚለውን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል። እኔ የማውቀው ማኅበረሰብ ዕድር አለው፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሲጣላ ሽማግሌ ያስገባል። ያበሳጨኝ ሌላኛው ነው፤ በኢሜይል ብቻ የሚተዋወቀው፣ «ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን» እያለ ሲጽፍልን ከርሞ ቤት ሲቀይር እኛን ደጅ ላይ ረስቶ የሄደው።

ያኔ ሰቆጣ ነበርኩ፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ። «ክፍል» የምለው ለክብሩ ነው። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አቧራ እንዳይገባባቸው የምናለብሳቸው ጨርቅ፣ በቃ። መብራት ሲጠፋ ባለጉዳዩን «ኮምፒውተሩ ጾም ላይ ነው» እያልን እንመልሰው ነበር። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር የሚመጣ ነው፤ አንድ ደብዳቤ እስኪከፈት ሰው ገበያ ደርሶ ይመለሳል።

ባሕር ዳር ለሥልጠና በሄድኩ ጊዜ ነፃ የቢሮ ሶፍትዌር በሲዲ ይዤ መጣሁ። ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ሠንጠረዥ ይሠራበታል፤ ማንም ክፈል አይልም። የገረመኝ ግን ነፃነቱ አልነበረም፤ የሚሸጠውንም ቢሆን ሰው ሁሉ እያባዛ በነፃ ነበር የሚጠቀምበት። የገረመኝ የፈለገ ሰው ትእዛዞቹን ሁሉ ወደ ገዛ ቋንቋው መመለስ መቻሉ ነው። ወጪውን አንድ የውጭ ኩባንያ ይችላል፤ ሥራውን ግን በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ይሠሩታል። እንግዲያ ኽምጣኛ ምን ይጎድለዋል አልኩ።

ኽምጣኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ የዋግ ገበሬ በቤቱ የሚናገረው። ቢሮ ውስጥ ግን አይገባም። ከእኛው ከዋጉ ዝቋላ ሲጓዝ አድሮ የመጣ ሰው ጠረጴዛው ፊት ቆሞ አማርኛው ሲሰባበርበት፣ ትናንት ከዚያው ከዝቋላ የወጣው ጸሐፊ ይስቅበታል። እኔም ያን ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር።

ሦስት ሆንን። አንዷ ከሰሃላ የመጣች ወጣት መምህርት ናት። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ከተማው ለዕርቅም ለጋብቻም የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። መጀመሪያ ስነግራቸው «ይኼ ሳጥን ኽምጣኛ ከቻለ እኔም እንግሊዝ ነኝ» ብለው ሳቁብኝ። በማግሥቱ ግን ራሳቸው ቢሮ መጡ። ተማሪ ሳሉ፣ ክፍል ውስጥ ኽምጣኛ ከአፉ ያመለጠው ልጅ ተንበርክኮ ይውል እንደነበር ነገሩኝ። ዓይናቸውም እየከዳቸው ነበር፤ ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል ብሏቸዋል።

«ዓይኔ ጨርሶ ሳይሄድ ቋንቋዬን እዚያ ሳጥን መስታወት ላይ አንብቤ ልሙት» አሉኝ። «ከዚህ ሌላ ከእናንተ አልፈልግም።»

ከዚያ ወዲያ ሥራው የእሳቸው ሆነ። ደንብም አወጡልን፤ ሦስታችንም ካልተስማማን አንዲት ቃል አትላክም። ለአንድ ቃል ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የተጨቃጨቅንበት ቀን አለ። «አስቀምጥ» ለሚለው ትእዛዝ መምህርቷ ዕቃ መደርደሪያ ላይ የማኖርን ቃል አመጣች፤ ጋሼ ግን «መደርደሪያ ላይ ያለማ ይሰረቃል» ብለው፣ የዝቋላ ሰው ማሽላውን ጎተራ ሲያስገባ የሚለውን መረጡ። የተሠራን ነገር መልሶ ለማፍረስ ደግሞ ተከራካሪ በሽማግሌ ፊት ቃሉን ሲያነሳ የሚናገረውን አስገባን። ጋሼ የኒሯቅ ገበያተኛ ካገኙ መንገድ ላይ አስቁመው «ይኼን እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ይላሉ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ጨርሰን ራሳቸውን «ማኅበረሰብ» ለሚሉት ፈቃደኞች በኢሜይል ላክን፤ «በሚቀጥለው እትም ይወጣል» የሚል መልስም መጣ። የዚያን ቀን መምህርቷ ጠላ ጋበዘችን።

እትሙ ሳይወጣ ነገሩ ተገለበጠ። ወጪውን የሚችለውን ኩባንያ ሌላ ኩባንያ ገዛው፤ አዲሱ ጌታ ደግሞ በነፃ የሚሰጥ ነገር የሚወድ አይመስልም። ፈቃደኞቹ ፈሩ። ማንም ሊገዛው የማይችል፣ ለትርፍ ያልቆመ ፋውንዴሽን አቋቁመው ሶፍትዌሩን ወደዚያ ሊያዛውሩት ቆረጡ። ለየቋንቋው ቡድን ደብዳቤ ላኩ። ከእኛ ጋር ትመጣላችሁ ወይ? ሥራችሁን ይዘነው እንሂድ ወይ? ይላል። የመልሱንም ቀን ቆርጠዋል።

እኔ እዚያው «አዎ» ብዬ ልልክ ነበር። ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሴት ልጅ በመጀመሪያ ጥያቄ ትሰጣለች?»

በእኛ ዘንድ አትሰጥም። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ልጅዎን ለልጃችን ሲል፣ አባት ሆዱ በደስታ ቢሞላም «ከዘመድ መክሬ እመልሳለሁ» ብሎ ይሸኛል። ጠያቂዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያኔ ይሰጣል። በመጀመሪያው እሺ ያለ አባት ልጁ ሸክም ሆናበት ነበር ይባላል፤ ልጅቷም በባሏ ቤት ስትናቅ ትኖራለች።

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ፈረንጆች ናቸው። ቀኑ ካለፈ አለፈ ነው።»

«ፈረንጅ ልጅ አይድርም? የፈለገ ተመልሶ ይመጣል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

መምህርቷ ታግዘኛለች ብዬ አየኋት። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ «ጋሼ እንዳሉት ይሁን፤ ርካሽ አንሁን» አለች። ሁለት ለአንድ ሆኑብኝ። «ጥያቄያችሁን በአክብሮት ተቀብለናል፤ ከወገን መክረን እንመልሳለን» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፌ ላክሁ።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። መስመር በተገኘ ቁጥር እከፍታለሁ፤ ምንም የለም። ጋሼ በየቀኑ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ ይሉና፣ ሳይጠይቁኝ ፊቴን ብቻ አይተው ይመለሳሉ። ፊቴን ለማየትም እየተጠጉ፣ እየተጠጉ መጡ። እኔው ለፈረንጆቹ ደግሜ ልጻፍላቸው ብል ተቆጡኝ።

«የሴት ወገን ጠያቂን አሳድዶ ሲለምን የት አይተሃል?»

ዝም ባለ አፍ እንጀራም አይገባም ልላቸው ፈልጌ በአክብሮት ተውኩት። አክብሮት! እንደሱ ያከሰረን ነገር የለም።

አዲሱ እትም ወጣ። ከባሕር ዳር አስመጥቼ ጫንኩትና የቋንቋዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየሁ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከራሱ የፈጠረው ቋንቋ ሳይቀር አለ። እኛ የለንም። ምነው ብዬ ስጽፍላቸው መልሱ በማግሥቱ መጣ፤ ጨዋነቱ ይገድላል። ማኅበረሰባችን ለሁሉም ክፍት ነው ይላል። አዎ ያላሉ ቡድኖች መምጣት እንዳልፈለጉ ተቆጥረዋል፤ የድሮው ፋይል በአዲሱ አሠራር አይገባም፤ ከፈለጋችሁ በአዲሱ ድረ ገጽ ላይ እንደ አዲስ መጀመር ትችላላችሁ። ድረ ገጹ በእኛ መስመር አይከፈትም። መምህርቷም በዚያው ሰሞን ሥራዋን ትታ፣ እንደ ብዙ እኩዮቿ ዓረብ አገር ሄዳ ነበር። ከማን ጋር ነው እንደ አዲስ የምጀምረው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እነዚህ ግን እኛን ለመናቅ እንኳ ዞር ብለው አላዩንም። ከሚገዛቸው ጌታ ለማምለጥ ሲሮጡ ማን ከኋላ እንደቀረ የቆጠረ የለም።

ለጋሼ ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። በዓይናቸው ሳይሆን በኮቴዬ ለዩኝ።

«አወጡት?» አሉ።

«አላወጡትም ጋሼ። ሌሎቹን ይዘው ሄደዋል፤ የእኛ ቀርቷል።»

«ደግመው ሳይጠይቁ?»

«ሳይጠይቁ።»

«አንድ መልእክት እንኳ ሳይልኩ?»

«አንድም አልላኩም።»

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ «እንግዲያ መጀመሪያም ልጃችንን አልፈለጓትም» አሉ።

ፈልገዋት ነበር። አዎ ብንላቸው በደስታ ይወስዷት ነበር። መክረን እንመልሳለን ማለት እነሱ ዘንድ እንደ እምቢታ መቆጠሩን ልነግራቸው አፌ ላይ ደረሰ። ብነግራቸው ግን ልጅቷን ደጅ ያስቀራት የእሳቸው ክብር መሆኑን ሊያውቁ ነው፤ ያን ደግሞ በዚያ ጨለማ ውስጥ ይዘውት ሊቀመጡ ነው።

«አዎ ጋሼ፣ አልፈለጓትም» አልኳቸው።

አንዲት ቃል እዚያ መስታወት ላይ ሳያነቡ፣ ፈረንጆቹን እንደተቀየሙ ሞቱ። እኔ ግን ማንን እንደምቀየም እስካሁን አላወቅሁም።