የብሪታ አምሳ ስምንት ዓሦች

ብሪታ ሃልቮርሰን በሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ ሁለት ሻንጣና አምሳ ስምንት በረዶ የሆኑ ዓሦች ይዛ እናትና አባቷ ቤት ተመለሰች። መሳቅ የምትፈልጉ አሁኑኑ ሳቁ፤ በኋላ አይመቻችሁም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ለዶክትሬቷ ስትለፋ የኖረችው ዓሣ ስታጠና ነው። ዓሣ ጭንቅላቱ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ የጆሮ አጥንት አለችው። አጥንቷ ተሰንጥቃ ስትታይ ዕድሜውንና ያሳለፈውን ዘመን አንድ በአንድ ትናገራለች። የትኛው ዓሣ ከየትኛው የሐይቁ ዳርቻ፣ በየትኛው ቀን እንደተያዘ የሚያሳውቀው ግን መንጋጋው ላይ የታሰረው፣ ቁጥርና የብሪታ ስም ያለበት ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ከሌለ አጥንቷ ጠጠር ናት። እነዚህ አምሳ ስምንቱ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ያጠመደችበትን ጀልባ ዳግመኛ የሚሰጣት የለም።

ታኅሣሥ ላይ ድጎማዋ ተቋረጠ። "እስከ ሰኔ ካልጨረስሽ በቃ" ተባለች። የቤተ ሙከራውንም ማቀዝቀዣ ለሌላ ተማሪ ሰጡባት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ዓሦቿን ጭና ወደ ሰሜን ዊስኮንሲን ነዳች።

እናቷ ማርሊስ የልብስ መስፊያ ያደረገቻትን የድሮ ክፍሏን ለቀቀችላት። አባቷ ኦርቪል ከወረቀት ፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣ ከአፉ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። ሻንጣዋን አስገባላትና "ጎማሽ አልቋል" አላት። ከኦርቪል አፍ ይህ ትልቅ ፍቅር ነው።

ጎረቤታቸው ዱዌን ግን ምላሱን አይቆጥብም። "አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ተማሪ ነሽ? በዚህ አያያዝሽ ጡረታ የምትወጪው ከትምህርት ቤት ነው!" አላት ገና በሩ ላይ ሳለች። ብሪታ ሳቀችለት፤ ውስጧ ግን አረረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቷ ማንሳት ጠላች፤ ካነሳች "መቼ ነው ታዲያ የምትጨርሺው?" መባሏ አይቀርማ። ስለዚህ ዓሦቹን ጋራዥ ባለው የአባቷ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ አጋድማ ስታስቀምጥ ለማንም አልተናገረች። ይኼ ነው ጉዱ!

በዚያች ከተማ በጾም ወራት ዓርብ ዓርብ በሉተራን ቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ዓሣ ይጠበሳል። ዓሣውን የሚሰበስበው ኦርቪል ነው። የረጋውን የሐይቅ በረዶ በስቶ ያጠመደ ሁሉ በወረቀት ስሙን ጽፎ ዓሣው ላይ ያስርና፣ ሳያንኳኳ ጋራዥ ገብቶ እዚያ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ይጥላል። ጾም ሲገባ እዚያ ውስጥ ያለ ዓሣ የቤተክርስቲያን ነው፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ብሪታም ታውቀው ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመት ርቃ ረሳችው እንጂ።

በጾሙ የመጀመሪያ ዓርብ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ፕሮፌሰሯን ለመነች። ፕሮፌሰሯም አጥንቶቹ የሚሰነጠቁበትን መሣሪያ ለአንድ ሳምንት ሊለቅላት ተስማማ። "ሰኞ አምጪያቸው" አላት። ከስንት ወር በኋላ መኪናዋ ውስጥ ዘፈነች። ደስታዋንም ይዛ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ገባች።

ስትገባ አጨበጨቡላት።

ኦርቪል ሽርጡን እንደታጠቀ ቆሞ ነበር። በሕይወቱ ሰው ፊት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። "የዛሬው ዓሣ የልጄ ነው" አለ። "አምሳ ስምንት። እያንዳንዱ ላይ ስሟ አለ። ለኔ እንኳ አልነገረችኝም።" ይህን ብሎ ተቀመጠ።

"እኔ እኮ ተማሪ ብቻ መስላኝ ነበር!" አለ ዱዌን፣ አፉ በዓሣ እንደተሞላ።

ብሪታ ክው አለች። ማርሊስ ሳህን አቀረበችላት፤ ሁሉም ያያታል፤ አንድ ጉርሻ ዋጠች። ሆድ ይፍጀው ብላ ነበር፤ አልቻለችም።

"አባዬ፣ ጭንቅላታቸውስ?"

"ጋራዥ፣ ባልዲው ውስጥ። ዱዌን ለወጥመዱ ይፈልገዋል።"

"ወረቀቶቹስ?"

"እነሱንማ ቆሻሻው ውስጥ ጣልኳቸው። ምን ያደርጋሉ?"

ሮጣ ወጣች። ኦርቪል ከነሽርጡ ተከትሏት ጋራዡ ሲደርስ፣ ባልዲውን አቅፋ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

"ስድስት ዓመቴን ጠበስከው እኮ፣ አባዬ! ስድስት ዓመቴን!"

ከዚያ ስለ አጥንቷም፣ ስለ ወረቀቱም፣ ስለ ሰኔም፣ ደብቃ የኖረችውን ሁሉ ዘረገፈችው። ኦርቪል ቆሞ ሰማ። ጨርሳ እስክትናፈጥ ጠበቀ። የቆሻሻውን በርሜል ገለበጠው፤ ቅባት የነካቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ለቅሞ በሽርጡ ጠረገና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ጭንቅላቶቹንም በጋዜጣ ላይ በተርታ አሰለፋቸው። መነጽሩን አደረገ።

"ይሄ ትልቁን መጨረሻ ነው የቆረጥኩት፤ አስታውሳለሁ" አለ። "ወረቀቱ... ይሄኛው ነው። ዐሥራ ሰባት ቁጥር። አይደል?"

ብሪታ አየችው። ዐሥራ ሰባት ቁጥር ትንሽ ዓሣ ነበር፤ በእጇ መዝናዋለች። ደግሞስ አምሳ ስምንቱን ማን በግምት ያውቃቸዋል? እንዲህ ያለውን ጽፋ ለፕሮፌሰሯ ብትሰጥ ውሸት ነው፤ እንደማትሰጠውም ታውቃለች። አልቆላታል።

አባቷ ግን ወረቀቱን ከጭንቅላቱ አጠገብ አስተካክሎ አስቀምጦ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

"አዎ አባዬ" አለችው። "እሱ ነው።"

"ጻፊዋ ታዲያ!"

ደብተሯን ከፍታ፣ እንዲያየው ብላ በትልቁ ዐሥራ ሰባት ብላ ጻፈች። ኦርቪል ትንፋሹን ለቀቀና ሁለተኛውን ጭንቅላት አነሳ።

"አይዞሽ ልጄ" አለ፤ "ሰኞ ይደርሳል።"