«ተረጋጉ» ያሉን ሰዎች

ታናሽ ወንድሜ ሐይቅ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ ሞንታርቦ በተጫነበት መኪና እየዞረ ለሕዝብ የሚነገረውን ይናገር ነበር። የክትባት ቀን ሲደርስ፣ ማዳበሪያ ሲመጣ፣ ስብሰባ ሲጠራ የሚሰማው የእሱ ድምጽ ነው። ከአምባሰል ተራራ ሥር ወዳለው መንደራችን ሲመጣ እናቴ የያዘችውን ሥራ ትታ ደጅ ትወጣለች። «ልጄ ነው» ትላለች፣ የማያውቅ ሰው ያለ ይመስል።

ጦርነቱ በቀረበበት ጥቅምት ከሰሜን በኩል የከባድ መሣሪያ ድምጽ ይሰማን ጀመር። እናቴ ስኳር በሽታ ስለነበረባት በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። እኔም ከዐረብ አገር የተመለስኩት እሷን ላስታምም ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ሁሉ ቀድመን ልንወጣ ተስማማን። አባቴ አህያውን ጭኖ ሳይጨርስ የወንድሜ መኪና ደረሰች።

«ውድ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ ተረጋጉ። ቀያችሁን ለቃችሁ አትውጡ። አካባቢያችን አስተማማኝ ሰላም ላይ ነው። የሚወራው ሁሉ የጠላት ወሬ ነው።»

አባቴ ጭነቱን ማውረድ ጀመረ።

«ኧረ አባዬ፣ እንሂድ» አልኩት።

«የገዛ ወንድምሽ ይዋሸናል?» አለኝ።

ወንድሜ አልዋሸም። የተሰጠውን ወረቀት ነው ያነበበው። ወረቀቱን የሰጡት አለቆቹ ግን እሱ መንደር ለመንደር ሲዞር ቤተሰባቸውን በመኪና ጭነው፣ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሳይደርስ ወደ ደሴ ሄደዋል። ተመልሶ ቢሮ ሲደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሰው የለም። አመሻሹ ላይ በእግሩ ወደ እኛ መጣ። ድምጹ ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ መንገዱ በታጣቂ ተይዟል።

ጤና ጣቢያው ተዘረፈ፤ መድኃኒት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ሳይቀር ተጭኖ ሄደ። የእናቴ መርፌ አለቀ። አባቴ ያልጠየቀው ሰው፣ ያልሄደበት መንደር የለም። እሷ መጀመሪያ ውኃ ውኃ አለች፣ ከዚያ የበላችው አልረጋ አላት፣ ከዚያ ስንጠራት መመለስ አቃታት። ጁምዓ ጧት ሞተች። ያን ቀን ብንወጣ ኖሮ መድኃኒት ያለበት ከተማ እንደርስ ነበር። ይህን ማንም እንዲያስተባብልልኝ አልፈልግም።

ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ አለቆቹ ተመለሱ። ሰብስበው ስለ ጽናታችን አመሰገኑን። ከመሀላቸው «ተሳስተን ነበር» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ጽናት የምትባለዋን ቃል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ በመጣ አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ከመንደራችን በላይ ያለው ተዳፋት ተሰነጠቀ። ባለሙያዎች መጥተው አዩና ሄዱ። ለወንድሜም ሌላ ወረቀት ተሰጠው፤ የናዳ ስጋት ስላለ ነዋሪዎች ወደ አስተማማኝ ስፍራ ይዛወሩ የሚል። ስፍራው የት እንደሆነ አልተጻፈበትም። አለቃውን ቢጠይቀው «አንተ የተጻፈውን አንብብ፤ ቦታው ወደፊት ይገለጻል» አለው።

መኪናዋ መጥታ ስትጮህ የወጣ ሰው አልነበረም። «ያኔ ተቀመጡ አሉን፣ አሁን ውጡ ይሉናል። መሬቱን ለማን ሊሰጡት ነው?» ይባባል ጀመር። አጠገባችን የምትኖረው አብሮ አደጌ ደግሞ ከእኔ ጋር ዐረብ አገር በሰው ቤት ለዓመታት ደክማ፣ በዚያ ድካሟ ባለቆርቆሮ ቤት የሠራች ናት። «ቤቴን ለእነሱ ወሬ ጥዬ አልወጣም» አለችኝ። ምን ብዬ ልከራከራት?

አባቴም «ያቺን መኪና አምኜ ሚስቴን ቀብሬያለሁ» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ።

ወንድሜ ሞንታርቦውን አጥፍቶ፣ በዝናብ እንደበሰበሰ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ወረቀቱን ተወው። ስንጥቁን ራሴ ወጥቼ አይቼዋለሁ፤ ሙሉ እግሬ ይገባበታል። አንተ ካልወጣህ እኔም አልወጣም።»

አባቴ ተነሥቶ ላሟን ፈታ።

ወንድሜ ከዚያ በየቤቱ እየገባ እንዲሁ ለመነ። ጥቂት ቤተሰብ ተከተለን። አብሮ አደጌ ግን «ነገ አያለሁ፣ ኢንሻላህ» አለችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ እታች ከተጠለልንበት ትምህርት ቤት ሆነን ነጎድጓድ የመሰለ ድምጽ ሰማን። ነጎድጓድ ግን ያቆማል፤ ያ አላቆመም። ስንደርስ ቤቶቹ የነበሩበት ቦታ ጭቃና ድንጋይ ብቻ ሆኗል። ክርስቲያኑም እስላሙም በዶማ፣ በአካፋ፣ በእጁ ቆፈረ። አብሮ አደጌን ያወጣናት ከሰዓት በኋላ ነው። የቀደመን ሞት ነበር።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ አለቆቹ በድንኳን ሰበሰቡን። አንደኛው ተነሥቶ «ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ማኅበረሰባችን መልእክት የመቀበል ችግር አለበት» አለ።

እጄን ሳላወጣ ተነሣሁ።

«ጌታው፣ እኛ እንሰማለን። እናቴ የሞተችው ስለሰማቻችሁ ነው። ያን ዕለት እናንተ ስትወጡ ማን ነገረን? ተመልሳችሁስ ዋሽተናችኋል ያለን አለ? አሁንም ውጡ ስትሉን የት እንደምንገባ አልነገራችሁንም። የጎደለው የእኛ ጆሮ አይደለም።»

«እህታችን፣ ሐዘን ላይ ስለሆንሽ እንረዳሻለን» አለኝ። «ጥያቄሽ ተይዟል።»

እንደተያዘ ቀረ። ቤት መሥሪያ ቦታ በቅርቡ ይሰጣችኋል ተብለን ሌላ ክረምት በሸራ ሥር አሳለፍን። በቅርቡ ማለት እነሱ ዘንድ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ወንድሜም ያንን ሥራ ተወ።

ሥራውን ከመተዉ በፊት ግን ለለቅሶ ወደ አብሮ አደጌ እናት አብረን ሄደን ነበር። ከአርዲቦ ሐይቅ ወዲያ ነው የሚኖሩት። ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

«ልጄ፣ ነግረሃት ነበር ወይ?» አሉት።

«ነግሬያት ነበር፣ እማማ። ቤቷ ድረስ ገብቼ ነገርኳት።»

«ሰምታሃለች?»

«ሰምታኛለች።»

«ታዲያ?»

«አላመነችኝም።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም ብሆን አላምንህም ነበር፣ ልጄ» አሉት፤ ሳይቆጡ፣ እጁን እንደያዙ።