አባ ቢያ ተመልሰው የተኙ ዕለት

የልጅ ልጄ ሰብለ እዚሁ ጅማ ለቻይና መሐንዲሶች እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ትናንት ቆሎ እየቆረጠመች፣ "አባዬ፣ 'ኢናክት'ን በምን ምሳሌ ላስረዳቸው? 'ሕግ ማውጣት' ስላቸው ዝም ብለው ያዩኛል" አለችኝ። ሳቄ መጣ። ያንን ግስ እኔም ለቻይናዎች አስተምሬው ነበር፤ ገና ጎረምሳ መምህር ሳለሁ፣ ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን።

ተማሪዎቼ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች ነበሩ። ከሥራ በኋላ በሽተኞች በተኙበት ክፍል ጥግ ይዘን እንማራለን። ዶክተር ሊ ቃል ካልገባቸው አይለቁም። ይህ ግስ የሚባለው ሥልጣን ያለው መንግሥት ሕግ ሲያወጣ ብቻ ነው አልኳቸው።

"ባላባትስ?" አሉ።

 በመጽሐፉ ባላባት ሕግ አያወጣም፤ አጠገባችን ለተኙት ለአባ ቢያ ግን የባላባታቸው ቃል ሕግ ነበር። አባ ቢያ ከሸቤ ገጠር የመጡ ጭሰኛ ናቸው። እግራቸው መግሎ፣ ሳይድኑ ከሄዱ መቆረጡ አይቀርም ተብለዋል። እሳቸው ግን በማግስቱ ሊሳፈሩ ጓዛቸውን ቋጥረዋል።

"ምነው ትንሽ ቢቆዩ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ቡናው ሊያብብ ነው። ከጠፋሁ ባላባቱ መሬቱን ለሌላ ይሰጣል። መሬት ከሌለኝ እግሩ ምን ላይ ሊቆም ነው?"

በማግስቱ ጠዋት ልሰናበታቸው ስደርስ ሰው ሁሉ የክፍሉን ነርስ ሬዲዮ ከቧል። የገጠር መሬት አዋጅ እየተነበበ ነው። ጭሰኝነት ቀረ፤ አራሹን ከመሬቱ የሚነቅለው ባላባት የለም። አባ ቢያ ቋጠሯቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። የሚነበበው አማርኛ በቅጡ አልገባቸውም። ነርሷ ያስረዳቻቸው ዶክተር ሊ ግን እየሮጡ መጥተው በዚያ ግስ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠሩ፤ እንከን አልነበረበትም። መንግሥት ሕግ አውጥቷል፣ እኚህ ሰው መቆየት ይችላሉ። ለአባ ቢያ በኦሮምኛ ተረጎምኩላቸው።

"ዱጋ? እውነት?" አሉ። "ባላባቱስ ሰምቷል?"

"አገር ሰምቷል፣ አባ ቢያ።"

 ከዚያ "አልሃምዱሊላህ" ብለው ቋጠሮውን አስቀመጡ፤ ተመልሰው ተኙና እግራቸውን ለሐኪሞቹ ዘረጉ።  ከሩቅ የተነበበ ቃል እዚህ አልጋ ላይ የሰው እግር ሲያተርፍ አየሁ።

በዓመቱ ሸቤ ወርጄ አገኘኋቸው። ቡናው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ሽታው መንገዱ ድረስ እየመጣ፣ እሳቸው በሁለት እግራቸው መሐሉ ቆመው ነበር። ያው መንግሥት ኋላ የሚያስለቅስ አዋጅም አወጀ፤ አዋጅ በተባለ ቁጥር መፍራትንም ለመድኩ። ያ ጠዋት ግን ዛሬም ይገርመኛል።

ለሰብለ ታዲያ ምሳሌ ሰጠኋት። "መንግሥት ሕግ አወጣ፤ አባ ቢያ ተመልሰው ተኙ።"

"ሁለቱን ምን አገናኛቸው?" አለች።

ወንበር ሳብኩላት።