የባሌ ድርሻና የብረቱ ሳጥን

ባሌን ካምፕ እንዲመጣ ምላሴ ፀጉር እስኪያበቅል ነው የለመንኩት። የቸርቻችን ቤተሰቦች በየበጋው ተራራ ወጥተው ድንኳን ተክለው ያድራሉ፤ እሱ ግን አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ታክሲ ነው የሚነዳው። ኤርፖርት ተሰልፎ ይውልና ቫን ናይስ ሰፈር ቤታችን ሲገባ፣ እኔ ፌርፋክስ ሰፈር ሬስቶራንት ቆሜ ስጠብስ የዋልኩት ሴትዮ ደክሞኝ ተኝቻለሁ። ሶ፣ ስንት ዘመን ቀዝቃዛ ወጥ ሲንኩ አጠገብ ቆሞ ለብቻው በላ። ለባዳ ሁሉ ትኩስ አቀርባለሁ፣ ለገዛ ባሌ የፍሪጅ! ይኼ ነገር ያንገበግበኛል።

«ሺፍቴን ጨርሼ እስክደርስ በልታችሁ ትጨርሳላችሁ። ተዪኝ በቃ» አለኝ።

«ሞቼ ነው ቆሜ! ትኩስ ጥብስ፣ እሳት ዳር፣ ከእኔ ጋር ትበላለህ» አልኩት። ቃሌን ሰጠሁት።

እኔ ከቸርቹ ሰዎች ጋር ቀድሜ ወጣሁ። ካምፑ በር ላይ ሬንጀሩ፣ የጫካው ጠባቂ፣ ሕጉን ነገረን፤ ድብ ያለበት ቦታ ነው። ከድንኳን ርቃችሁ አብስሉ። ምግብ ጥላችሁ አትሂዱ። የሚሸት ነገር ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ ድብ ከማይከፍተው የብረት ሳጥን ገብቶ ይቆለፍ። መኪና ውስጥ ማስቲካ እንኳ አይቅር፣ ድቡ በሩን ገንጥሎ ይገባል። እሳቱንም ከመተኛታችሁ በፊት አመዱ በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ ውኃ አፍስሱበት። ጥሩ ሕግ ነው። እኔ ሕግ አልጠላም። የምጠላው በሕግ ላይ ሌላ ሕግ የሚጨምርብኝን ሰው ነው።

አስተባባሪያችን ልቡ ደግ ወጣት ነው፣ ድብ ሲፈራ ግን ለጉድ ነው። ሰው በልቶ እንዳበቃ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ እሳቱን ላጥፋው። ሁሉም በልቷል።»

«ማን ነው ሁሉም? ባሌ መቼ በላ?»

«ሳንድዊች እናስቀምጥለታለን። እንደገና ጥብስ ከተጠበሰ ሽታው ተራራውን ይሞላዋል። ድብ ቢመጣስ?»

«ይምጣ! ድስት እየደበደብኩ አባርረዋለሁ።»

«ሕግ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ሕጉን አብረን ነው የሰማነው! ከመተኛታችሁ በፊት ነው ያለው። ተኝቻለሁ? ምግብ ጥላችሁ አትሂዱ ነው ያለው። የት ሄድኩ? የባሌ ድርሻ ሥጋ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁጭ ብዬ እሳት እጠብቃለሁ። ውኃ መድፋት ካማረህ መጀመሪያ እኔ ላይ ድፋው!»

ሴቶቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቃቸውን ዋጡ። እሱም «ኦኬ፣ ኦኬ» እያለ ባልዲውን እግሬ ሥር አስቀምጦ ሄደ።

አፌን ከፈትኩ እንጂ ፈርቼ ነበር። ድቡን አይደለም። ስልክ አይሠራም፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ባሌም ደክሞት ከመንገድ ይመለሳል ብዬ ነው የፈራሁት። አንድ በአንድ እንጨት እየጨመርኩ እዚያው ተቀመጥኩ። ማንም ነይ ተኚ ቢለኝ አልነሳም ነበር።

መሸት ሲል የመኪና መብራት ዛፎቹ መሀል ታየኝ። ዘልዬ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ መጥበሻውን ጣድኩ። ባሌ ፓርክ አድርጎ ሲመጣ ሽንኩርቱ እየተንጫጫ ነው። ቆሞ እሳቱን አየ፣ መጥበሻውን አየ፣ እኔን አየ።

«እውነትም ጠበቅሽኝ?»

መልስ ሳልሰጠው አስተባባሪው ከድንኳኑ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ መኪናው ውስጥ ምግብ ካለ ይውጣ!» ብሎ ጮኸ።

ባሌ ወደ መኪናው ተመለሰና የወረቀት ከረጢት ይዞ መጣ። ሀምበርገር ነው። መንገድ ላይ ገዝቶታል፤ አልነካውም፤ በርዷል።

«እንደ ሁልጊዜው መስሎኝ ነው» አለኝ መሬት መሬት እያየ።

ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ንዴቴም አብሮ መጣ። ከረጢቱን ከእጁ ነጥቄ የብረቱ ሳጥን ውስጥ ወረወርኩትና ቆለፍኩበት።

«ና፣ ቁጭ በል፣ አፈር ስሆን» አልኩት። «ይኼኛው ይፋጃል።»